የበረሃ ጽጌረዳ ውሃውን የት ያኖራል?

የመጀመሪያዬን የበረሃ ጽጌረዳ የገደልኩት በነሐሴ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ የጠማው መሰለኝና ውሃ ጨመርኩለት። በሳምንቱ ወፍራሙን ግንድ ብጫነው ጣቴ እንደ በሰበሰ ቲማቲም ሰርጎ ገባ።

ጽጌረዳ ይባል እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም። የሳይንስ ስሙ አዴኒየም ሲሆን ስያሜው ከየመኗ ወደብ ከኤደን የመጣ ነው። የእኛም ቆላ ልጅ ነው፤ በቦረናና በኦጋዴን በዱር ይበቅላል። ከአፈሩ በላይ እንደ እንስራ የተነፋው ግንዱ የውሃ ጎተራው ነው። ዝናብ ሲያገኝ ይሞላዋል፤ ዝናብ ሲጠፋ ውሃ የሚያተንበትን ቅጠል አራግፎ ከዚያው እየቀዳ በጋውን ይገፋል። ብርድም ሲመጣ እንዲሁ ያደርጋል፤ ቅጠሉን ጥሎ መጠጣት ያቆማል። እኔ ያጠጣሁት በእንቅልፉ ነበር። ሥር አየር ይፈልጋል፤ ያልተጠጣ ውሃ አፈሩን ሲሞላው አየሩ ይወጣል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ብስባሴም ይከተላል።

ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ አፈሩ ነው። ዋልካ ፈጽሞ አይሆንም። እኔ ለመንገድ የሚደለደለውን ቀይ አመድ ነፍቼ፣ ዱቄቱን ጥዬ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያህለውን ከጥቂት ኮምፖስት ጋር እቀላቅላለሁ። ውሃ ሲፈስበት ወዲያው ከሥር ካልወጣ ገና ነው ማለት ነው። ሸክላው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ ሸክላ ራሱ እርጥበት ስለሚያስተነፍስ ከፕላስቲክ ይሻላል።

መቼ ይጠጣ? ሸክላውን ብድግ አድርገው ይመዝኑት። ከቀለለ እስኪንጠፈጠፍ ያጠጡት፤ ከከበደ ይተውት። ከሰኔ እስከ መስከረም ከጣሪያ ሥር ይግባ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ያኔም ቤት ውስጥ ይደር። ቀን ግን ሙሉ ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ ጥላ ውስጥ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም።

ግንዱ ሲለሰልስ አይደናገጡ፤ ጠምቶትም ይሆናል። የጠማው እኩል ይሸበሸባል፣ ውሃ ሲያገኝም ይመለሳል። የበሰበሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ይቦካል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ያኔ ነጩ ጤናማ ሥጋ እስኪወጣ በንጹሕ ቢላ ቆርጠው ጥላ ውስጥ ሳምንት ያህል ያድርቁት፤ ከዚያ በደረቅ አፈር ይትከሉት። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ መርዝ ነው፤ በአፍሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡበት ነበር። እጅዎን በደንብ ይታጠቡ፣ ከልጆችም ያርቁት።

አሁን ያለኝን ያበቀልኩት ከዘር ነው፤ ከቅርንጫፍ የተተከለ ያንን የመሰለ እንስራ በቀላሉ አያወጣም። አፈሩን በቀየርኩ ቁጥር ትንሽ ከፍ አድርጌ ስለምተክለው ሥሮቹ እንደ ጣት ተጠላልፈው ከላይ ይታያሉ። በየካቲት የቅርንጫፎቹን ጫፎች ስቆርጣቸው ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ቀንበጥ ወጣ። አበባ የሚይዘው አዲሱ ጫፍ ላይ ነው። በግንቦት ፈነዳ፤ ዳር ዳሩ ደማቅ ሮዝ፣ ጉሮሮው ነጣ ያለ።