ጨርቅ ለጨረቃ

ጨረቃ ላይ የሚነፋ የጨርቅ ቤት ይሠራ ሲባል ብዙ ሰው ድንኳን ትዝ ይለውና ይሰጋል። ስጋቱ ከምድር ልማዳችን የመጣ ነው፤ እዚህ ግድግዳ የሚፈተነው ክብደት በመሸከም ስለሆነ ድንጋይና ኮንክሪት እናምናለን። ጨረቃ ላይ ግን ስበቱ የምድርን አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው፤ ውጭውም አየር አልባ ነው። ቤቱ ውስጥ በባሕር ጠለል ያለውን ያህል የአየር ግፊት ከያዝን፣ አየሩ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ግድግዳ 10 ቶን በሚያህል ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። ጨረር እንዲከላከል 3 ሜትር አፈር ብንከምርበት እንኳ የአፈሩ ጫና የዚህን አንድ አስረኛ አይሞላም። እንግዲህ የጨረቃን ቤት ከመደርመስ ይልቅ መፈንዳት ያሰጋዋል፤ ውጥረትን በመቻል ደግሞ፣ ኪሎ ለኪሎ ሲነጻጸር፣ ብረት እንደ ኬቭላርና ቬክትራን ያሉ ክሮች ላይ አይደርስም።

«ቢበሳስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በነደፈው ትራንስሃብ በተባለ የሚነፋ ክፍል፣ በውጭ በኩል የሴራሚክ ጨርቆች በፎም ተራርቀው ተደርድረዋል፤ በፍጥነት የምትመጣ ጠጠር የመጀመሪያውን ስትመታ ራሷ ትደቅቃለች፣ ቀሪዎቹ ፍርፋሪዋን ያስቀራሉ። ውጥረቱን የሚችለው ከሥር ያለው የተሸመነ ጥብጣብ ነው። የብረት ሉህ ላይ የተጀመረ ስንጥቅ ሊሮጥ ይችላል፤ ሽመና ላይ ግን አንድ ክር ሲበጠስ ጎረቤቶቹ ሸክሙን ይካፈላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋር የተያያዘችው 1.4 ቶን የምትመዝን ቢም የተባለች የምትነፋ ክፍል፣ ለሁለት ዓመት ታስባ ከዚያ እጅግ ለረዘመ ጊዜ አገልግላለች።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ አጣጠፉ ነው። ቢም በመጀመሪያው ሙከራ ንብርብሮቿ እርስ በርስ ተፋትገው አልዘረጋ አለች። ከሁለት ቀን በኋላ ጠፈርተኛው ጄፍ ዊሊያምስ በሰባት ሰዓት ውስጥ የአየር ቫልቩን 25 ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ዘረጋት፤ ቫልቩ ክፍት የቆየበት ጊዜ ሲደመር 2 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ መዘርጋቱ እንደ ግድግዳው ሁሉ በጥንቃቄ መነደፍ አለበት። አጥፎ ማጓጓዙም እንዲሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1971 አፖሎ 15 ወደ ጨረቃ ይዛ የሄደችው 210 ኪሎ ግራም መኪና በማረፊያዋ መንኮራኩር ጎን ታጥፋ ነበር፤ ጎማዎቿም ከብረት ሽቦ የተሸመኑ ነበሩ። የሚቀረን ከባዱ ጥያቄ ዕድሜ ነው፤ ክር ለረጅም ጊዜ ሲወጠር ቀስ በቀስ ይለጠጣል። ለዚህም ጭምር ነው ግድግዳው ከሚጠበቀው ጫና አራት እጥፍ እንዲችል የሚጠየቀው። ጥብጣቡም ለረጅም ጊዜ ተወጥሮ መፈተሽ አለበት፤ ሰው የሚተኛበትን ግድግዳ ጊዜም ሊፈትነው ይገባልና።