ከቤት ወደ ቤት ሲዛወሩ ስለሚደረግ የጤና ጥንቃቄ

ሰው በተወለደበት ቤት አድጎ በዚያው ቤት የሚሸመግልበት ዘመን በከተሞቻችን እያለፈ ሄዷል። አንዱ በሥራ ዝውውር፤ ሌላው በኪራይ መወደድ፤ ሌላው የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ደርሶት፤ ሌላውም ሠፈሩ ለልማት ተነሥቶ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እጅግ ብዙ ቤተሰብ ከመሀል ከተማ ወደ ጀሞ፤ ወደ የካ አባዶ፤ ወደ ቦሌ አራብሳና ወደ ኮዬ ፈጬ ተዛውሯል።

የዝውውር ነገር በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መኪናው ዋጋና ስለሚሰበረው ብርጭቆ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብርጭቆ ቢሰበር ይተካል፤ ጤና ግን እንደ ብርጭቆ ከገበያ አይገዛም። በዝውውር ሳምንት ቤተሰብ እንቅልፍ ያጣል፤ ምግቡ ይዛባል፤ መድኃኒቱ ከካርቶን ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ የነበረው መርዝም ወርዶ የሕፃን እጅ ከሚደርስበት ወለል ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የቤት ዝውውር የዕቃ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እናስብ። አባት፤ እናት፤ የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት አያትና ሁለት ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤት ሳይከፈት፤ በነሐሴ ወር፤ በአራት ኪሎ አጠገብ ካለው አሮጌ ቤት ተነሥተው በጀሞ ወደሚገኝ አራተኛ ፎቅ ሊዛወሩ ቆርጠዋል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ለእነርሱም፤ እንደ እነርሱ ላለ ማንኛውም ቤተሰብም የሚጠቅም ምክር ነው።

ከመዋዋል በፊት ቤቱን ስለ መመርመር

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። እንግዲህ የሚፈርም ሰው ምናልባት ሁለት ክረምት የሚያሳልፈው በዚያ ቤት ስለ ሆነ፤ ቤቱን በማታ በመብራት አይቶ መዋዋል አይገባውም። በቀን ብርሃን ሄዶ ቧንቧውን ከፍቶ ማየት፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣ እንደ ሆነም በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጎረቤት መጠየቅ ይገባዋል። የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ በትክክል መውረዱን፤ የመኝታ ቤቱና የወጥ ቤቱ መስኮት የሚከፈት መሆኑን ይመልከት። ግድግዳው ከእርጥበት የተነሣ የሻገተ ከሆነ አስም ላለበት ሰው የማይስማማ መሆኑን ይወቅ። በግድግዳው ስንጥቅና በበሩ መቃን ላይ ጥቃቅን ጥቋቁር ነጠብጣብ ቢያይ የትኋን ምልክት ነው። በወጥ ቤት ጥግ የአይጥ ፋንድያ ቢያገኝም ከመግባቱ በፊት ባለቤቱ እንዲያስጸዳ መጠየቅ መብቱ ነው።

ስለ ጫኝና አውራጅ ምርጫ

ዕቃ የሚጓዘው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በዘመድና በወዳጅ እርዳታ ነው። ሁለተኛው አይሱዙ ተከራይቶ በሠፈሩ ከሚገኙ ጫኝና አውራጆች ጋር በመዋዋል ነው። ሦስተኛው ዕቃውን ጠቅልሎ፤ ጭኖና አድርሶ በቦታው የሚያኖር የማጓጓዣ ድርጅት በመቅጠር ነው። የዘመድ እርዳታ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ቁም ሳጥንና ማቀዝቀዣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ እስከ አራተኛ ፎቅ ማውጣት ልምድ የሌለው ሰው ሥራ አይደለም። ወገቡ የተጎዳ ሰው ለብዙ ወራት ከሥራው ይስተጓጎላልና፤ በኪራይ የተረፈው ገንዘብ በሕክምና ይጠፋል።

ድርጅት የሚቀጥር ሰው የንግድ ፈቃዱን አይቶ፤ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ። በውሉ ውስጥ የዕቃው ዝርዝር፤ ቀኑና ሰዓቱ፤ የሠራተኞቹ ቁጥር፤ ዕቃው የሚወጣበት ፎቅ፤ ጠቅላላ ዋጋውና ዕቃ ቢሰበር የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ በግልጽ ይጻፍ። የመኪናው የሰሌዳ ቁጥርም ይመዝገብ። በማኅበር የተደራጁ ጫኝና አውራጆች ባሉበት ሠፈርም ዋጋውን መኪናው ከመምጣቱ በፊት መነጋገር ይሻላል፤ ዕቃው መንገድ ላይ ከወረደ በኋላ የሚነሣ ክርክር ፍራሹን በዝናብ ያስመታል።

ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መኪናው ትናንት ምን ጭኖ ነበር?» የሚለው ነው። ጥሬ ቆዳ፤ በግና ፍየል፤ ማዳበሪያ፤ ወይም የተባይ መርዝ ጭኖ የዋለ መኪና ሳይታጠብ የሕፃን ፍራሽና የቤት እህል ሊጫንበት አይገባም። መኪናው ታጥቦና ደርቆ፤ ለክረምትም ሸራ ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ይነገር።

የሚሸከመውም ሰው ወንድማችን መሆኑን አንርሳ። አንድ ኩንታል ጤፍ ለአንድ ሰው ከማሸከም ይልቅ ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ መቋጠር ይገባል። ሸክም የሚያነሣ ሰው ወገቡን ሳይሆን ጉልበቱን ይጠፍ፤ ዕቃውን ወደ ደረቱ ያስጠጋ፤ ተሸክሞ ሳለም ወገቡን አያጣምም። የሚጠጣ ንጹሕ ውኃና የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ለሠራተኞቹ ማዘጋጀት የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ተባይን ጭኖ ስላለመሄድ

ከአሮጌ ቤት ወደ አዲስ ቤት ያለ ኪራይ የሚጓዝ መንገደኛ ትኋን ነው። በአልጋ መጋጠሚያ፤ በፍራሽ ስፌት፤ በሥዕል መስቀያ ጀርባና በአሮጌ ካርቶን እጥፋት ውስጥ ይደበቃል። ደም ሳያገኝ ለብዙ ወራት መቆየት ስለሚችል፤ አልጋውን በረንዳ ላይ ለሳምንት ማቆም አይገድለውም። ትኋን በሽታ ማስተላለፉ ባይረጋገጥም እንቅልፍ ይነሣል፤ ያሳክካል፤ የተቧጨረው ቆዳም ያመረቅዛል። ቅማል ግን ተስቦና ግርሻ የሚባሉትን ከባድ ሕመሞች ያስተላልፋል።

መድኃኒቱ ሙቀትና ትዕግሥት ነው። ከዝውውሩ ሁለት ሳምንት በፊት አልጋውን ፈታቶ በየመጋጠሚያው የፈላ ውኃ ማፍሰስ፤ አንሶላና ልብስንም ቢያንስ 60 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ዕንቁላሉ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚፈለፈል ይኸው ሥራ ከ10 ቀን በኋላ ይደገም። የታጠበው ልብስ በንጹሕ ከረጢት ታስሮ ይቀመጥ። ከሱቅ የሚለመን አሮጌ ካርቶን የበረሮ መኖሪያ ሊሆን ስለሚችል ተራግፎና ተመርምሮ ይወሰድ።

ለእርሻ የተዘጋጀ የተባይ መርዝ በፍራሽ ላይ መርጨት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ነቀዝን ለመግደል በእህል ከረጢት ውስጥ የሚደረገው ክኒን ነው። ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ለጋዙም ማርከሻ የለውም። በአሮጌው ቤት እህሉ ከጓሮ ጎተራ ይቀመጥ ነበር፤ በአዲሱ ጠባብ ቤት ግን ከልጆች አልጋ ሥር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ክኒን የተደረገበት እህል ቤተሰብ ወደሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይግባ።

መድኃኒትንና መርዝን ለይቶ ስለ መያዝ

በረኪና፤ ናፍጣና ላምባ በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ ተገልብጠው መጓዝ የለባቸውም። በዝውውር ቀን የተጠማ ሕፃን ያገኘውን ጠርሙስ ሁሉ ያነሣል። በስሕተት ላምባ የጠጣ ልጅም እንዲያስመልሰው ማስገደድ ሳንባውን ስለሚጎዳው፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

መድኃኒት ከቤት ዕቃ ጋር አይጫንም፤ በቤተሰቡ ታላቅ ሰው እጅ ይያዛል። የአያቲቱ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ የሚቀመጥ ስለ ሆነ፤ በረዶ ባለበት ፔርሙስ ውስጥ፤ ነገር ግን በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጓዝ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ዋጋ የለውም፤ ይጣላል።

ከዚሁ ጋር የልጆች የክትባት ካርድ፤ የእርጉዝ ሴት የክትትል ካርድና የጤና መድኅን መታወቂያ በአንድ ቦርሳ ይሁኑ። በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር፤ ሁለተኛው በ15ኛው ወር የሚሰጥ ስለ ሆነ፤ በመካከሉ ቤት የቀየረ ቤተሰብ ሁለተኛውን እንዳይዘነጋ ይጠንቀቅ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰውም ከመሄዱ በፊት ከጤና ጣቢያው የዝውውር ወረቀት ተቀብሎ በአዲሱ ሠፈር ጤና ጣቢያ ይመዝገብ። ይህ ሕክምና ቢያንስ ስድስት ወር የሚወሰድና የማይቋረጥ ነው፤ «ዕቃዬን አስተካክዬ ስጨርስ እሄዳለሁ» ብሎ ያቋረጠ ሰው ሕመሙ መድኃኒቱን ተላምዶ እንዲነሣበት ምክንያት ይሆናል።

ዕቃው ከመግባቱ በፊት

ባዶ ቤት ማጽዳት ከሙሉ ቤት ማጽዳት ይልቅ ይቀላል። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ሄዶ ወለሉን በሳሙና ይጠብ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ይድፈን፤ የመጸዳጃ ቤቱን ያጽዳ። በረኪናን ከአሲድ ጋር ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ስለሚፈጥር ለየብቻቸው ይሠራባቸው።

የውኃ ታንከሩ አተላው ተጠርጎ ይውጣ። ከዚያም በ1000 ሊትር ውኃ 1 ሊትር ሽታ ያልተጨመረበትና 5 ከመቶ ክሎሪን ያለበት በረኪና ተጨምሮ ለ12 ሰዓት ይቆይ። ይህ ውኃ አይጠጣም፤ ወለልና መጸዳጃ ይታጠብበታል። ታንከሩ በንጹሕ ውኃ ከተለቀለቀ በኋላ አዲስ ውኃ ይሞላ።

በጉዞው ቀን ትንንሽ ልጆች ከዘመድ ዘንድ ይዋሉ። በመጨረሻ የሚጫነውና በመጀመሪያ የሚወርደው ዕቃ አስቀድሞ ይለይ፤ ይኸውም አንድ ጀሪካን የሚጠጣ ውኃ፤ ሳሙና፤ መጥረጊያ፤ የእጅ ባትሪ፤ የመኝታ ልብስና ቶሎ የማይበላሽ ስንቅ፤ እንደ ቆሎ፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ያለ ነው። ቡታጋዝ ቁልፉ ተዘግቶ ቀጥ ብሎ ይጫን፤ ማቀዝቀዣም ቆሞ ይጓዝ፤ ከደረሰም በኋላ ጥቂት ሰዓት ሳያርፍ አይሰካ።

የመጀመሪያዪቱ ሌሊት

አሁን ወደ ምሳሌያችን ቤተሰብ እንመለስ። ዕቃው በደኅና ገባ፤ ጫኞቹም ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ውጭ የነሐሴ ዝናብ ይወርዳል፤ ወለሉ ገና አልደረቀም፤ የኤሌክትሪክ መስመሩም አልተስተካከለም። ልጆቹ ይንቀጠቀጣሉ። ጎረቤት ቡና ይዛ መጥታ «እንኳን ደኅና ገባችሁ» ስትል፤ እናት የከሰል ምድጃውን አቀጣጥላ ወደ መኝታ ክፍሉ ልታስገባ፤ ብርድ እንዳይገባም መስኮቱን ልትዘጋ ታስባለች።

የዝውውር ሁሉ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ ስለማይታይ «ከሰሉ ነዷል፤ አሁን አይጎዳም» ማለት ስሕተት ነው። ጋዙ ደም አየር እንዳይሸከም ስለሚከለክል፤ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ይዝላል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይሞታል። በአሮጌው ቤት በጣሪያና በግድግዳ ቀዳዳ ይገባ የነበረው ንፋስ ሳይታሰብ ያድን ነበር፤ በደንብ የሚዘጋው አዲሱ ቤት ግን ይህን አያደርግም። ስለዚህ ብርዱን በብርድ ልብስና በሞቀ መጠጥ መከላከል እንጂ፤ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት አይገባም። ቡናውም መስኮትና በር ተከፍቶ ይፈላ፤ ፍሙ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ። ሰው ራሱን ቢስት ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ 907 ወይም ወደ 939 ደውሎ እርዳታ መጥራት ነው።

እናቲቱ ይህን ዐውቃ ምድጃውን በረንዳ ላይ ትታ፤ ልጆቿን በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቅልላ፤ የአያቲቱን መድኃኒት በሰዓቱ ሰጥታ ካደረች፤ ያ ቤተሰብ በእውነት ተዛውሯል ማለት ነው። ያልተፈታው ካርቶን ለነገ ቢቆይ ምንም አይጎዳም። አዲስ ቤት የገባን ሰው ወዳጅ ዘመድ «ቤት ለእንቦሳ» እያለ ሲመርቀው ምርቃቱ እንዲሠምር የሚረዳው አስቀድሞ የተደረገው ጥንቃቄ ነው፤ አበውም ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ያሉት በከንቱ አይደለም።