ባለ አራት እግሩ ወረቀት

ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በጠርዙ ለማቆም የሞከረ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፤ ይልፈሰፈስና ይተኛል። ያንኑ ወረቀት መሐሉ ላይ አንዴ አጥፎ እንደ መጽሐፍ ገርበብ ቢያደርገው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። የተጨመረበት ነገር የለም፤ ክብደቱም ያው አምስት ግራም ነው፤ የተለወጠው ቅርጹ ነው። የወረቀት ሞዴል ሥራ በሙሉ ከዚህች ነገር ይነሣል። ወረቀት ላይ የታተመ ንድፍ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይጣበቃል፤ በመጨረሻም አውሮፕላን፣ መርከብ፣ ሕንፃ ወይም ጭራሽ ኖሮ የማያውቅ ማሽን ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። የሙያውን ባሕርይ ከሁሉም አጉልቶ የሚያሳየው ይኸኛው ያልኖረው ማሽን ነው፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም የወለደው ባለ አራት እግር የጦር ግዙፍ። መርከብ በሆዱ ይተኛል፣ ሕንፃ በመሠረቱ ይቀመጣል፤ ይህ ግን ከባድ ሆድና ወደ ፊት የወጣ ራስ ተሸክሞ በአራት ረጃጅም እግሮች መቆም አለበት። እንዲህ ያለውን ሞዴል መሥራት በእጅ ከሚገኙ የምሕንድስና ትምህርቶች ሁሉ ርካሹ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የአዲስ አበባዎቹ አራዳና ፒያሳ ደግሞ ለትምህርቱ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ የሚገኝበት፣ ትምህርቱም አሁን በጣም የሚያስፈልገው ሰፈር ነው።

መጀመሪያ ስሙን እንጨርስ። «ተሽከርካሪ» ከመሽከርከር የወጣ ቃል ስለሆነ ጎማ ለሌለው ነገር አይሆንም። «ተራማጅ» ቢባል ደግሞ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎን የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው የሚሰማው የ1960ዎቹን ተማሪና በራሪ ወረቀቱን ነው። ስለዚህ ባለ እግር ማሽን እንበለው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው «የዓለማት ጦርነት» ከማርስ የመጡትን ወራሪዎች በሦስት እግር በሚሄዱ ማሽኖች ላይ አሳፍሯቸዋል። ሦስት እግር ለመቆም የሚስተካከለው የለም፤ ጉልቻ ሦስት የሆነው መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ ስለማይወዛወዝ ነው። ጉልቻ ግን አይራመድም፤ አንዱን ያነሡ እንደሆነ ድስቱ ይደፋል። አራት እግር ሲኖር አንዱ ተነሥቶ ሦስቱ ጉልቻ ሆነው ይቀራሉ፤ የክብደቱ መሐል በሦስቱ መካከል እስካረፈ ድረስ አካሉ አይወድቅም። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጄኔራል ኤሌክትሪክ በራልፍ ሞሸር መሪነት ለአሜሪካ ጦር ይህንኑ በብረት ሞክሮታል። ነጂው መሐሉ ተቀምጦ በገዛ እጆቹና እግሮቹ አራቱን የብረት እግሮች ያንቀሳቅስ ነበር። ማሽኑ በእርግጥ ሄዷል፤ ሰውዬውን ክፉኛ ስለሚያደክም ግን ከሙከራ አላለፈም፤ ዛሬ ቨርጂንያ ውስጥ ሙዚየም ገብቷል።

ዓለም ሁሉ ያወቀው እግረኛ ማሽን የወጣው ግን ከፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የታየው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም፣ «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ»፣ ኤቲ-ኤቲ የተባሉትን ግዙፎች በበረዶ ሜዳ ላይ አሳየ። በታሪኩ ውስጥ ቁመታቸው 22 ሜትር ተኩል ያህል ነው። እውነተኛዎቹ ግን ግማሽ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ሞዴሎች ነበሩ፤ ጆ ጆንስተን ነደፋቸው፣ ፊል ቲፔትና ጆን በርግ ያሉበት ቡድን ደግሞ አንዲት ፎቶ ባነሣ ቁጥር እግራቸውን ለጥቂት እያነቃነቀ አራመዳቸው። ለአንድ ሴኮንድ ፊልም 24 ፎቶ ያስፈልጋል። አራማጆቹ ከሠሩት የበረዶ ሜዳ ሥር ተደብቀው በቀዳዳ ብቅ እያሉ ነበር የሚሠሩት፤ አረማመዱንም ከዝሆን ተማሩት። እንግዲህ ይህ ማሽን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሞዴል ነው። በወረቀት የሚሠራው ሰው የትልቁን ነገር ማስታወሻ አይሠራም፤ ትልቁ ነገር ኖሮ አያውቅምና።

ማሽኑ ለወረቀት የተመቸበት ምክንያት አለው። ወረቀት ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል እንጂ አይለጠጥም። ስለዚህ ሳጥን፣ ቱቦና ሾጣጣ መሆን ይችላል፤ ኳስ መሆን ግን አይችልም። የብርቱካን ልጣጭ ሳይቀደድ ጠረጴዛ ላይ እንደማይዘረጋ ሁሉ፣ ጠፍጣፋ ወረቀትም ሳይጨማደድ ብርቱካን አይሆንም። የኤቲ-ኤቲ አካል ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ የብረት ሰሌዳ የተገጣጠመበት ነው፤ መገጣጠሚያዎቹ ክብ ከበሮ፣ መድፎቹ ቱቦ ናቸው። የአንድ ጠጣር አካል ገጾች ሁሉ ሳይለያዩ ወረቀት ላይ ተዘርግተው እንዲሣሉ ማድረግን ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረኽት ዱሬር እ.ኤ.አ. በ1525 ባሳተመው የልኬት መጽሐፉ አሳይቷል። ዛሬ ያን ድካም ፔፓኩራ የሚባለው የጃፓን ሶፍትዌርና መሰሎቹ ይሠሩታል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ የማይወስነው አለ፤ ስፌቱ የት ይዋል? ከዓይን የሚሰወረው የትኛው ጠርዝ ነው? የቱ ተጣብቆ ካላለቀ ጣት የማይገባበት ቦታ ይፈጠራል? ሞዴል ሠሪው እነዚህን እያሰበ ሳለ ምሕንድስና ውስጥ ገብቷል። ለኛ ሰው ማጠፍ እንግዳ ሙያ ነው የሚል ካለ ሰንሱልን ይመልከት፤ አንዱ ረጅም ብራና ወዲህና ወዲያ ታጥፎ መጽሐፍ የሚሆንበትን። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ፣ አሁን ባልቲሞር በሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም ያለ የብራና ሥዕልም አለ፤ ተዘግቶ ሲቀመጥ ቀጭን ነው፣ ሲከፈት ቅዱሳን ዙሪያውን የቆሙበት ሙሉ ክብ ይሆናል። ያን ያጠፈ እጅ ስለ ሶፍትዌር ባይሰማም የቁሱን ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል።

ሥራው ሲጀመር ማባዣ ቤት ይኬዳል፤ አራት ኪሎና ፒያሳ ይህ አይጠፋም። ንድፉ 80 ግራም በሚባለው ተራ ወረቀት ከታተመ እግሩ ይልፈሰፈሳል፤ ከ300 ግራም በላይ ከሆነ ደግሞ ሲታጠፍ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ከ160 እስከ 200 ያለው ይመቻል። ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው፤ ኤ ፎር የሚባለው ልክ ደግሞ የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ ባለ 200 ግራሙ አንዱ ሉክ 12.5 ግራም ይመዝናል። ሃያ ሉክ የፈጀ ሞዴል ትራፊው ሲቀነስ ሩብ ኪሎ አይሞላም። ቀሪው ዕቃ ምላጭ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ ኮላና ስቴኪኒ ነው። (ኮላም ስቴኪኒም፣ ፒያሳ የሚለው የሰፈሩ ስምም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ወራሪው ሲሄድ ማጣበቂያውን ትቶልናል።) ባዶው እስክሪብቶ መታጠፊያውን መስመር ሳይቆርጥ ይሰረጉደዋል፤ ሳይሰረጉድ የታጠፈ ወረቀት የራሱን መንገድ ይመርጣል። ኮላው በስቴኪኒ ጫፍ በስሱ ይቀባል፤ የበዛ ኮላ ወረቀቱን አርሶ ያጎብጠዋል። ወረቀት እንደ እንጨት የክር አቅጣጫ አለው፤ ፋብሪካው ሲያወጣው ክሮቹ ወደ አንድ ወገን ይተኛሉ። ክሩ በርዝመቱ እንዲሄድ ሆኖ የተጠቀለለ ቱቦ ክብ ይሆናል፤ በተቃራኒው የተጠቀለለው ይሰባበራል።

ፈተናው ያለው እግሩ ላይ ነው፤ ብዙ ጀማሪም የሚሸነፈው እዚሁ ነው። ሁለት ወረቀት ሳይጣበቁ ቢደራረቡ መጉበጥን የሚቋቋሙት የአንዱን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሁለቱ በደንብ ተጣብቀው እንደ አንድ ሲሆኑ ግን ስምንት እጥፍ ይቋቋማሉ፤ ጥንካሬው የሚያድገው በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነውና። ያው ወረቀት ሳጥን ሆኖ ሲታጠፍ ደግሞ ቁሱ ከመሐል ወደ ዳር ስለሚርቅ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠሪ እግሩን በካርቶን አይሞላውም፤ ባዶ ሳጥን ያደርግና ውስጡ ጥቂት አግዳሚ ክፋዮች ያቆምበታል፤ ሸምበቆ በአንጓዎቹ እንደሚጸና። ራሱ ወደ ፊት ስለሚስብ ከሆዱ በስተኋላ ሳንቲም ይደበቃል። በሐምሌና በነሐሴ የተሠራ ሞዴል ሌላ ችግር አለበት፤ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ጉልበቱም ይከዳል። ቫርኒሽ ይረዳል፤ በጋን መጠበቅ ግን ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለልጅ ጨዋታ ነው ወይ የሚለው ተቃውሞ ተደጋግሞ ይሰማል። ጨዋታ መሆኑን አልክድም። የአዲስ አበባ ልጅ ሽቦ ቆልምሞ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ፣ በረጅም ዘንግ የሚነዳ መኪና ሲሠራ ኖሯል፤ መሪውን ከጎማው ጋር ማገናኘት ያወቀ ልጅ የተማረውን ነገር ፈተና ባይጠይቀውም ተምሯል። ፖላንድ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ «ማዌ ሞዴላሽ» የተባለ የወረቀት ሞዴል መጽሔት ታወጣ ነበር፤ ፕላስቲክ ብርቅ በነበረበት አገር ወረቀት የትውልድ መማሪያ ሆነ። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በእውኑ ዓለም የማይቆም ማሽን ምን ያስተምራል? መልሱ ራሱ ጥያቄው ውስጥ አለ። 45 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሞዴል በሃምሳ እጥፍ ቢያድግ የፊልሙን ቁመት ይደርሳል። የእግሩ ስፋት ያን ጊዜ 2,500 እጥፍ ያድጋል፤ ክብደቱ ግን 125,000 እጥፍ። እያንዳንዱ የእግሩ ቁራጭ የሚሸከመው ጫና ሃምሳ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የዝሆን እግር ከፍየል እግር በቁመቱ ልክ ብቻ የማይወፍርበትን ምክንያት ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ያስረዳው በዚህ ነው። ጠረጴዛ ላይ የቆመ ነገር ሜዳ ላይ ለምን እንደሚወድቅ ማወቅ ለማንኛውም ሕንፃ ሠሪ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። በሥሪ ዲ ማተሚያ ቢወጣ አይቀልም ወይ ለሚሉ ደግሞ፣ ይቀላል፤ ማተሚያው ቅርጹን ይሰጣል፣ ማሰቡን ግን ለራሱ ያስቀራል።

የሚከብደኝ የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፤ የሆሊውድን ማሽን ከመገልበጥ የራሳችንን ለምን አንሠራም የሚለው። እንግዳ ማሽን ማየት ለአራዳ አዲስ ባይሆንም (አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በምኒልክ ዘመን ያመጣው የእንፋሎት ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ስሙ እስከ ዛሬ አለ) ተቃውሞው እውነት አለበት። ነገር ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልብ እንበል። ኖሮ የማያውቀው ማሽን እያንዳንዱ ሰሌዳው፣ እያንዳንዱ ብሎኑ ተለክቶ፣ ተሥሎ፣ በወረቀት ንድፍ ወጥቶ በዓለም ይዞራል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች ግን ብዙዎቹ የቀሩልን በፎቶ ነው። የአርመንና የሕንድ ግንበኞች እጅ ያረፈባቸው፣ የእንጨት በረንዳቸው ወደ መንገዱ የተንጠለጠለ ቤቶች ነበሩ። ፎቶ ፊትን ያሳያል፤ የበረንዳውን ጥልቀት፣ የጣሪያውን ዝንባሌ፣ የደረጃውን ከፍታ አይነግርም። ማሽኑን በወረቀት የሠራ ሰው ደግሞ ይህን ጉድለት ከማንም በፊት ያየዋል፤ ያለ ልክ የሚታጠፍ መስመር የለምና። ኤቲ-ኤቲን የምደግፈው ለዚህ ነው። ልኩ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መለማመጃ ነው፤ እጁ ከተፈታ በኋላ ሠሪው ልኩ ወዳልተያዘው ይሻገር።

ስለዚህ ወደ ፒያሳ የሚወጣ አንባቢ ሜትር፣ እርሳስና ደብተር ይያዝ። ሳይፈርስ የቀረውን የአንዱን ቤት የፊት ወርድ፣ የአንዱን መስኮት ቁመት፣ የበረንዳውን ጥልቀት ይጻፍ፤ ፎቶውን ከፊት ለፊት ያንሣ፣ ልኩ የታወቀ ዱላም ከጎኑ ያቁም። ለጀማሪ ጊዮርጊስ ይሻላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ባለ ስምንት ማዕዘን ነው፤ የአንዱን ጎን ልክ የያዘ ሰው የስምንቱን ዋና መስመር ይዟል።