ከስክሪኑ በፊት ወንበሩን

እ.ኤ.አ. በ1978 መገባደጃ መርሴዲስ ቤንዝ ለኤስ ክላስ ገዢዎች፣ ተጨማሪ ለሚከፍል ብቻ፣ አንድ አዲስ ነገር አቀረበ። አሽከርካሪው ደንግጦ ፍሬን ሲረግጥ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት፣ መሪውም እንዳይከዳው የሚያደርግ ሥርዓት ነበር፤ ዛሬ ኤቢኤስ የምንለው። ዋጋው 2,217.60 የጀርመን ማርክ ነበር። በ1981 ደግሞ ኤርባግ መጣ፤ እሱም ለፈለገ ብቻ፣ በ1,525.50 ማርክ። ያኔ የማዘዣውን ዝርዝር ይዞ የተቀመጠ ሰው ገንዘቡን ለሚታየው ያውለው ወይስ ለማይታየው የሚለውን መወሰን ነበረበት። የቆዳ ወንበርና ያማረ ቸርኬ ሁሉም ያየዋል፤ ኤቢኤስን ግን ከክፉ ቀን በፊት ባለቤቱ ራሱ አያየውም።

ዛሬም ኤስ ክላስ የሚገዛ ሰው የሚገጥመው ይኸው ምርጫ ነው፤ ዝርዝሩ ብቻ ረዝሟል። እኔ ደጋግሜ የማየው ሰው በስክሪኑ ተማርኮ ሲገዛና ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚወደው ነገር ሌላ ሆኖ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ይህን መኪና ሳስተዋውቅ አንድ መለኪያ ይዤ ነው፦ የመረጥነው ነገር በአሥረኛው ዓመት ምን ይሆናል?

ኤስ ክላስ የሚለው ስም በይፋ የወጣው በ1972 ነው። አሁን ያለው ትውልድ ደብሊው 223 ይባላል፤ በ2020 የቀረበ ሲሆን ሽቱትጋርት አጠገብ ባለችው ሲንደልፊንገን ይሠራል። ረዘም ያለው ዓይነት 5.29 ሜትር ይሆናል። መኪናውን ከሌሎች የሚለየው ግን መጠኑ ወይም ምቾቱ ብቻ አይደለም። ኩባንያው አዲስ የሠራውን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። መኪናው ኩርባ ላይ ሊወጣ ሲል አንዱን ጎማ ለብቻው በፍሬን ይዞ የሚመልሰው ኢኤስፒ በ1995 የመጣው በኤስ 600 ኩፔ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ትንሿን ኤ ክላስ ሲፈትናት፣ ድንገት መንገድ ውስጥ የገባ እንስሳ ለመሸሽ መሪው እንደሚጠመዘዘው ሲጠመዘዝ፣ መኪናዋ ተገለበጠች። መርሴዲስ የሰጠው መልስ ኢኤስፒን በሁሉም ኤ ክላስ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መግጠም ነበር። ከ2014 መጨረሻ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማንኛውም አዲስ መኪና ያለዚህ ሥርዓት አይሸጥም። የሀብታም ተጨማሪ ዕቃ የነበረው በሃያ ዓመት ውስጥ የሁሉም መብት ሆነ ማለት ነው።

በእኛ ገበያ «ፉል ኦፕሽን ነው» ከተባለ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ኤስ ክላስ ላይ ግን ሁሉንም በአንድ ላይ የያዘ መኪና የለም፤ አንዱ ምርጫ ሌላውን ይገፋል። የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ ጋር የሚታጠፉበትን ሥርዓት እንውሰድ። በዝግታ ሲነዳ የኋላዎቹ ከፊቶቹ በተቃራኒ ይዞራሉ፤ በፍጥነት ሲሆን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። አንዱ ዓይነት እስከ 4.5 ዲግሪ፣ ሌላው እስከ 10 ዲግሪ ይታጠፋል። በ10 ዲግሪው ያ ረጅም መኪና ከ11 ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ይዞራል፤ ከምድር ቤት ፓርኪንግ ጠባብ መውጫ ላይ ወደኋላና ወደፊት ሳይመላለስ በአንድ እጥፋት ሲወጣ ላየው ሰው ማመን ያቅተዋል። ነገር ግን 10 ዲግሪው የሚገኘው እስከ 20 ኢንች ድረስ ባለ ጎማ ነው። ለዓይን የሚያምረውን 21 ኢንች ቸርኬ የመረጠ ሰው ሳያውቀው 10 ዲግሪውን አሳልፎ ሰጥቷል። በዚያ ላይ ቸርኬው በተለቀ መጠን ጎማው ይሳሳል፤ የአዲስ አበባ ኮብልስቶንም ሆነ የክረምት ጉድጓድ የጨከነበት መንገድ መጀመሪያ የሚያገኘው ያን ስስ ጎማ ነው።

ኤኤምጂ ላይን የሚባለው ፓኬጅም ብዙ ሰው ያሳስታል። ኤኤምጂ በ1967 ሁለት መሐንዲሶች፣ ሃንስ ቬርነር አውፍሬሽትና ኤርሃርድ ሜልሸር፣ የመሠረቱት የሞተር ሥራ ቤት ነበር፤ ዛሬ የመርሴዲስ አካል ነው። «ላይን» የሚለው ሲጨመርበት ግን ፓራውልቱ፣ ቸርኬውና የውስጥ ጌጡ ይለወጣል እንጂ ሞተሩ ያው ነው። የወደደው ይግዛው፤ ኃይል የገዛ እየመሰለው ግን አይክፈል።

የአየር ተሸካሚው ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። በ1998 በወጣው ኤስ ክላስ ላይ የብረት ሞላ ቀርቶ በየጎማው በጎማ ከረጢት የታመቀ አየር መኪናውን መሸከም ጀመረ፤ ኤርማቲክ ይባላል። ፍጥነት ሲጨምር መኪናው ዝቅ ይላል፤ መንገዱ ሲከፋ በአንድ ቁልፍ ከፍ ይላል። ለውጡን የሚያውቀው በሁለቱም የተቀመጠ ሰው ነው፤ የአስፋልቱ መገጣጠሚያ ድምፅ ይሰማል፣ ምቱ ግን ወገብ ላይ አይደርስም። ይህ ምቾት በአሥረኛውም ዓመት ምቾት ነው፤ ዕቃው ግን ያረጃል። ከረጢቱ ሲሰነጠቅ አየር ያሾልካል፣ ያሾለከውን ለመተካት ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ያገለገለ ኤስ ክላስ የሚገዛ ሰው ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ስንት ጣት እንደሚገባ በአራቱም በኩል ይለካ። ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሳ እንደገና ይለካ። አንዱ ማዕዘን ሁለት ጣት ከወረደ ሻጩ ስለ ስክሪኑ የሚያወራውን ማዳመጥ ትቶ ዋጋው ላይ መነጋገር ይሻላል።

በአሁኑ ትውልድ ላይ ከኤርማቲክ በላይ የሆነ፣ በ48 ቮልት የሚሠራ ሥርዓት አለ። ካሜራው ከፊት ያለውን መንገድ ያነባል፤ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይነሣል፣ ይወርዳል። እኔን የሚያስደንቀኝ ከጎን በኩል ግጭት ሊመጣ ሲል የሚያደርገው ነው፦ መኪናውን በዚያ በኩል እስከ 80 ሚሊሜትር ያነሣዋል። ምቱ በሩን ትቶ ከሥሩ ባለው ጠንካራ የብረት አግዳሚ ላይ እንዲያርፍ ነው። ከኋላ ለሚቀመጡ ደግሞ ከፊት ወንበሮች ጀርባ የሚወጣ የፊት ኤርባግ በአማራጭነት ቀርቧል፤ በተሳፋሪ መኪና ታሪክ የመጀመሪያው ነው። አንድ ቤተሰብ ወላጆቹን ከኋላ አስቀምጦ የሚሄድ ከሆነ ከማንኛውም ጌጥ በፊት እነዚህን ሁለቱን ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። የ1978ቱ ኤቢኤስ ዛሬ ያለው እዚህ ነው።

ወንበር። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ውስጥ በታክሲና በሊሙዚን ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ይህን መኪና እንደ እነሱ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ደንበኛቸው የሚቀመጠው ከኋላ በቀኝ ነው። ስለዚህ ከፊት ያለው የተሳፋሪ ወንበር ወደፊት ሄዶ ቦታ የሚለቅበት፣ የእግር ማሳረፊያ የሚወጣበት ፓኬጅ ለእነሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ2013ቱ ኤስ ክላስ ያ የቀኝ ወንበር እስከ 43.5 ዲግሪ ይጋደም ነበር፤ ጀርባን እንደ ጋለ ድንጋይ የሚያሽ፣ 14 የአየር ትራስ ያለው ማሳጅም ነበረው። ራሱ እየነዳ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው ግን ይኸው ፓኬጅ የባከነ ገንዘብ ነው፤ እሱ መክፈል ያለበት አሽከርካሪው ለሚቀመጥበት ወንበር ነው። መፈተኛውም ቀላል ነው። መሸጫው ውስጥ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ምንም አይነግርም። ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ ጭንዎ ከሥር የተደገፈ መሆኑን፣ ትከሻዎ ሳይወጠር እጅዎ መሪው ላይ ማረፉን ይዩ። ወገብ የሚያምዎት ከሆነ ደግሞ ወንበሩን ከሁሉ አስቀድመው ይፈትሹ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ላንሣ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመርሴዲስ በር ላይ በወንበር ቅርጽ የተሠራ ቁልፍ አለ። የቁልፉን መደገፊያ ወደኋላ ሲገፉት የወንበሩ መደገፊያ ወደኋላ ይሄዳል፤ መቀመጫውን ከፍ ሲያደርጉት መቀመጫው ከፍ ይላል። ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ዓይንም ከመንገድ አይነሣም። በ2020 በቀረበው ኤስ ክላስ ቅርጹ አለ፣ ቁልፉ ግን አይንቀሳቀስም፤ ጣት ሲያርፍበት ብቻ ይሰማል። መሪው ላይ ያሉትም እንዲሁ ሆነዋል። በጠቅላላው ከቀድሞው ትውልድ 27 ቁልፎች ቀንሰው ሥራቸው ወደ መካከለኛው ስክሪን ሄዷል። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ወደኋላ መሄድ ነው። በአውሮፓ የመኪናን ደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ የዝናብ መጥረጊያና ጥሩምባን ለመሳሰሉት በእጅ የሚነካ ቁልፍ ላላስቀረ መኪና ሙሉ ነጥብ አይሰጥም።

ስክሪኑ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ካርታው ግልጽ ነው፣ ፊደሉ ያምራል። ችግሩ ዕድሜው ነው። በየካቲት 2022 ኤቲ ኤንድ ቲ አሜሪካ ውስጥ የ3ጂ ኔትወርኩን ሲዘጋ፣ በዚያ መስመር ይገናኙ የነበሩ የብዙ ኩባንያ መኪኖች ከባለቤቱ ስልክ ጋር መገናኘትና አደጋ ሲደርስ በራሳቸው መደወል አቆሙ። ሞተሩ፣ ወንበሩ፣ በሩ እንደ አዲስ ነበር። ስለዚህ ስልክዎን የሚቀበል ስክሪን ካለ ይበቃል፤ ለሙዚቃ ፍቅር ካለዎት 31 ድምፅ ማጉያ ያለውን ቡርሜስተር ይጨምሩ፣ እሱ በጥሩ ሁኔታ ያረጃል።

መብራት ግን ቸል አይባልም። ዲጂታል ላይት የሚባለው በእያንዳንዱ የፊት መብራት ውስጥ 1.3 ሚሊዮን ጥቃቅን መስታወት አለው፤ ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና ብቻ ከብርሃኑ አውጥቶ ሌላውን መንገድ በሙሉ ያበራል። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ራሱን የሚያስተካክል ብርሃን እስከ 2022 ድረስ አይፈቀድም ነበር። የአገር ጉዳይ እንዲህ ይመጣል። ድራይቭ ፓይለት የሚባለው፣ አሽከርካሪው እጁንም ዓይኑንም እንዲያነሣ የሚፈቅደው ሥርዓት፣ በ2022 ጀርመን ውስጥ ለሽያጭ ሲቀርብ ለኤስ ክላስ ከታክስ በፊት 5,000 ዩሮ ነበር፤ የሚሠራውም በአውቶባን ላይ፣ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ መንገድ ውጭ ለሚነዳ ሰው ምንም አይጠቅመውም ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት በመከልከሉ፣ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ዓይኑን በኤሌክትሪክ በሚሄደው የመርሴዲስ ኢኪውኤስ ላይ ማሳረፉ አይቀርም። እዚያ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ጀርመን ውስጥ መኪናው ሲወጣ የኋላ ጎማው ከ4.5 ወደ 10 ዲግሪ እንዲታጠፍ የፈለገ በዓመት 489 ዩሮ ይከፍል ነበር፤ ብረቱ መኪናው ውስጥ ነው፣ የተዘጋው በሶፍትዌር ነው። ቢኤምደብሊውም ለሚሞቅ ወንበር ወርኃዊ ክፍያ ጠይቆ በ2023 ከደንበኛ ቅሬታ በኋላ ትቶታል። ከውጭ አገር የመጣ መኪና ሲገዙ የትኛው ነገር የመኪናው፣ የትኛው የቀድሞው ባለቤት ኪራይ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለማጣራት የሻጭን ቃል ማመን የለብዎትም። መርሴዲስ ሲሠራ የተገጠመለት ነገር ሁሉ ሦስት ፊደል ወይም ቁጥር ባለው ኮድ ይመዘገባል። በሻንሲ ቁጥሩ ዝርዝሩን ማውጣት ይቻላል። በቀደሙት ትውልዶች 489 ኤርማቲክ ነው፤ 487 ደግሞ በዘይት ግፊት የሚሠራው አክቲቭ ቦዲ ኮንትሮል ነው፣ ጥገናውም ኪስን ክፉኛ ይጎዳል። ኮዶቹን በወረቀት ላይ ያትሙና ከሚያውቅ መካኒክ ጋር አንድ በአንድ እያመሳከሩ፣ እየነኩ ይዩ፤ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሁሉ መኪናው ላይ ካልተገኘ ምን እንደተነቀለና ለምን እንደተነቀለ ሳይነገርዎ ቀብድ አይክፈሉ።