ሕጉን ማን ይሸከማል? ውስብስብነትና ተደራሽነት በኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታዎች

እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ የቀረበው «ዎር ኢን ዘ ኢስት» የተሰኘ የኮምፒውተር ጨዋታ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ያካሄዱትን ውጊያ ከጁን 1941 ጀምሮ ሳምንት በሳምንት ከፋፍሎ ያቀርባል። ሙሉው ዘመቻ ከ200 በላይ ተራዎች አሉት፤ መመሪያው ከ300 ገጽ ይበልጣል፤ በእያንዳንዱ ክፍለ ጦር ውስጥ ያለው ታንክና መድፍ በዓይነትና በቁጥር ተመዝግቧል። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ዩኒቲ ኦፍ ኮማንድ» ደግሞ ከዚያው ጦርነት የስታሊንግራድን ዘመቻ ወስዶ አንድ ጀማሪ በአንድ ምሽት ሊለምደው በሚችል መልክ ያሳያል። ሁለቱ ጨዋታዎች በመልክ ቢራራቁም ማዕከላዊ ጉዳያቸው አንድ ነው፤ ስንቁ የተቆረጠበት ጦር የቱንም ያህል ቢበረታ ብዙ እንደማይዘልቅ ማሳየት።

እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን የሚሠሩም ሆኑ የሚያጠኑ ሰዎች ልዩነቱን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚዛን ይመዝኑታል። በአንደኛው ወገን ለእውነታ መቅረብ፣ በሌላው ወገን ለተጫዋች መቅለል ይቀመጥና አንዱ ሲያተርፍ ሌላው ይከስራል ይባላል። አባባሉ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የስሌትን ሸክምና የውሳኔን ሸክም፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ አንድ አድርጎ ይመዝናል። ኮምፒውተር የመጀመሪያውን ከተጫዋቹ ትከሻ አንሥቷል፤ ሁለተኛውን ግን አላቀለለም፣ እንዲያውም የሚከብድበትን በር ከፍቷል። ይህ ጽሑፍ ነገሩ እንዴት እንደሆነና ተደራሽነት ሕግ ከመቀነስ ይልቅ ምክንያትን ከማሳየት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ለማስረዳት ይሞክራል።

በቅድሚያ ውስብስብነትና ጥልቀት አንድ እንዳልሆኑ ልብ ማለት ያሻል። የሰንጠረዥ ሕግ በአጭር ጊዜ ተነግሮ ያልቃል፤ ጨዋታው ግን ዕድሜ ልክ ያስተምራል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ይህ ልማድ ጨዋታውን እጅግ ሲያከብደው በሕጉ ላይ የጨመረው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ የጦርነት ጨዋታ ሕጉ በመብዛቱ ብቻ ጥልቅ አይሆንም፤ ሕጉ በማነሱም ብቻ ጥልቀቱን አያጣም።

ከዳኛው ወደ ተጫዋቹ

እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያ የመድፈኛ መኮንን የነበረው ጌኦርግ ሃይንሪክ ፎን ራይስቪትስ አባቱ የጀመረውን ሥራ አሻሽሎ «ክሪግስሽፒል»ን፣ በጀርመንኛ «የጦርነት ጨዋታ» ማለት ነው፣ ሲያሳትም ተጫዋቾች ሊያውቁት የሚገባው ሕግ ጥቂት ነበር። ትእዛዛቸውን ጽፈው ለዳኛው ይሰጣሉ። ዳኛው በካርታው ላይ ርቀት ይለካል፤ የኪሳራ መጠን የተጻፈበትን ሰሌዳ ይመለከታል፤ ዳይስ ይጥላል፤ ለእያንዳንዱ ወገንም ከስፍራው ሆኖ ሊያይ የሚችለውን ብቻ ይገልጥለታል። ውስብስብነቱ በሙሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ሸክም ስለከበደ እ.ኤ.አ. በ1876 ሌላው የፕሩሲያ መኮንን ዩሊየስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኖአ ሰሌዳውንና ዳይሱን አስቀርቶ ልምድ ያለው ዳኛ በራሱ ፍርድ እንዲወስን የሚያደርግ «ነፃ» አካሄድ አቀረበ። ሕጉ ከወረቀት ላይ ጠፋ እንጂ አልቀረም፤ ወደ ዳኛው አእምሮ ገባ። ሆኖም ያ ዳኛ ሰው ነውና ይጠየቃል፤ «ጦሬ ለምን ተሸነፈ?» የሚል መኮንን መልስ ያገኝ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለሕዝብ የተሸጡት የገበታ ጨዋታዎች ዳኛውን አስወገዱ። አሜሪካዊው ቻርልስ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1954 «ታክቲክስ»ን ካሳተመ በኋላ ሕግን የመሸከም ተራ የተጫዋቾቹ ሆነ። ማንበብ፣ መደመር፣ ማካፈል፣ ዳይስ መጣል ሁሉ የነርሱ ሥራ ነው። አድካሚ ቢሆንም አንድ ስውር ጥቅም ነበረው፤ ስሌቱን በእጁ የሠራ ሰው ጥቃቱ ለምን እንደከሸፈ አይጠፋውም። ወንዙ የአጥቂውን ኃይል በግማሽ እንደቀነሰው ያውቃል፤ ራሱ ነውና ያካፈለው።

የዚህ አካሄድ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው የሪቻርድ በርግ «ዘ ካምፔይን ፎር ኖርዝ አፍሪካ» ነው። ከ1,500 በላይ ጠጠሮች ያሉት ይህ ጨዋታ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከ1,000 ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ ይነገርለታል። የጣሊያን ወታደሮች ፓስታ መቀቀያ ተጨማሪ ውኃ እንዲታደላቸው የሚያዘው ሕጉ እስከ ዛሬ የሣቅ ምንጭ ነው። ሣቁ ግን ቁም ነገሩን ሸፍኖታል። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ወገን 5 ተጫዋቾች እንዲመደቡ ይመክራል፤ ጠቅላይ አዛዡ፣ የግንባሩ አዛዥ፣ የአየር ኃይሉ ኃላፊ፣ የስንቁ ኃላፊና የደጀኑ ኃላፊ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ቶብሩክ ላይ ማን እንደሚዋጋ የሚወስነው ሰው ስንት በርሜል ነዳጅ በየትኛው መኪና እንደሚጫን አይወስንም። በርግ ውስብስብነትን ለአንድ ሰው አልሰጠም፤ በእውነተኛ የጦር ማዘዣ ጣቢያ እንደሚደረገው አከፋፈለው።

ማሽኑ የወሰደውና የተወው

ክሪስ ክሮፎርድ እ.ኤ.አ. በ1981 ለአታሪ ኮምፒውተር የሠራው «ኢስተርን ፍሮንት» የመጀመሪያውን ተስፋ በግልጽ ያሳያል። ማሽኑ የነበረው ማኅደረ ትውስታ 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ተጫዋቹ በጆይስቲክ ካርታውን እያንሸራተተ ለየጦር ክፍሉ የጉዞ አቅጣጫ ይሰጣል፤ የውጊያውንና የስንቁን ስሌት ማሽኑ ይሠራል፤ ተጫዋቹ እያሰበ ሳለም ማሽኑ በተቃራኒው ወገን ዕቅዱን ያበስላል። ዳኛው ተመለሰ ማለት ነው፤ ያውም የማይደክም ዳኛ። የሚወሰነው ነገር ግን ጥቂትና ግልጽ ነበር፦ የትኛው ጦር፣ ወዴት?

ችግሩ የማይደክመውን ዳኛ ሁሉም ማሠራት መፈለጉ ነው። በወረቀት ዘመን የሕግ አውጪውን እጅ የሚይዝ ነገር ነበር፤ አንድ ሕግ በተጨመረ ቁጥር የሚሠቃይ ተጫዋች አለ። ስሌቱ ወደ ማሽኑ ሲገባ ይህ ልጓም ወለቀ። «ዎር ኢን ዘ ኢስት» ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው፤ የተመረጠውም መጥፎ ጨዋታ ስለሆነ ሳይሆን በዓይነቱ ከምርጦቹ አንዱ በመሆኑ ነው። የሶቪየት የባቡር ሐዲድ ከጀርመን ሐዲድ ይሰፋ ስለነበር (1,524 ሚሊሜትር በ1,435 ላይ) ወራሪው ጦር ወደ ምሥራቅ በገፋ ቁጥር ሐዲዱን እየነቀለ ማጥበብ ነበረበት። ይህ የዘመቻውን ፍጥነት የወሰነ እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ጨዋታው ማካተቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን የጥገና ክፍሎቹን በየሳምንቱ፣ ሐዲድ በሐዲድ፣ በማውስ እየነዳ የሚወስዳቸው ያው የመላው ግንባር አዛዥ የሆነው ተጫዋች ነው። የኮር አዛዦችን የሚሾመው እርሱ ነው። ረዳት ሻለቆችን ለየክፍለ ጦሩ የሚያድለውም እርሱ ነው። በበርግ ጨዋታ በ5 ሰዎች ላይ የተከፋፈለው ሥራ እዚህ ለአንድ ሰው ተሰጠ። ስሌቱን ማሽኑ ስለሚሠራው ውሳኔውም የቀለለ መሰለ።

ሌላው ጉዳት ይበልጥ የተደበቀ ነው። በጨዋታው ካርታ ላይ እያንዳንዱ ጦር የውጊያ ዋጋውን የሚገልጽ ቁጥር ይታያል። ውጊያው ሲካሄድ ግን የአዛዡ ችሎታ፣ የወታደሩ ድካም፣ የምሽጉ ጥንካሬ፣ በተኩሱ የተበተነው ኃይልና ዕድል ተደማምረው ያንን ቁጥር ይለውጡታል፤ ተከላካዩ የሚያፈገፍገው የመጨረሻው ንጽጽር 2 ለ1 ሲደርስ ነው። ጀማሪው 3 ለ1 ብሎ የገመተው ጥቃት ከሽፎ ያገኘዋል። በገበታ ጨዋታ ቢሆን ምክንያቱ በጣቱ ላይ ነበር። እዚህ ማሽኑ ያውቃል፤ ተጫዋቹ ውጤቱን ብቻ ይቀበላል።

የሚታይ ምክንያት

«ዩኒቲ ኦፍ ኮማንድ» ብዙ ነገር ትቷል፤ የታንክ ዓይነት ዝርዝር የለበትም፤ የአዛዦች ሹመት የለበትም። ስንቅን ግን አልተወም። ተጫዋቹ በፈለገ ጊዜ ከባቡር ሐዲዱ ተነሥቶ በካርታው ላይ የሚዘረጋውን የስንቅ ክልል ያያል፤ የጠላትንም እንዲሁ። አንድ የታንክ ጦር በጠላት ጀርባ ገብቶ ሐዲዱን ሲረግጥ ያ ክልል ወዲያው ይሸበሸባል፤ ከዚያ በኋላ ተቆርጠው የቀሩት ክፍሎች በየተራው እየደከሙ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1942 ሶቪየቶች በስታሊንግራድ ያለውን 6ኛውን የጀርመን ጦር ለመክበብ ጥቃታቸውን በደካሞቹ የሮማኒያ ጦሮች ላይ ለምን እንዳሳረፉ ለመረዳት ይህን ካርታ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ስሌቱ እዚህም በማሽኑ ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ ምክንያቱ ወደ ውጭ መውጣቱ ነው።

በዚህ ጨዋታ ላይ የሚሰነዘረው ትችት ግን ቀላል አይደለም። ግቦቹ በተወሰኑ ተራዎች ውስጥ እንዲያዙ ስለሚጠይቅ ከጦርነት ይልቅ ለእንቆቅልሽ የቀረበ ይሆናል፤ አንዱን ትክክለኛ መንገድ ፈልጎ የማግኘት ሥራ ይበዛበታል። ከዚህ የከፋው ጥርት ብሎ መታየቱ ራሱ ሐሰት ሊሆን መቻሉ ነው። ክላውሰቪትስ በጦርነት ቀላሉን ነገር የሚያከብደውን ኃይል «ሰበቃ» ብሎ ሰይሞታል። ስንቁ የት ድረስ እንደሚደርስ በቀለም ተሥሎ የሚቀርብለት አዛዥ በታሪክ አልነበረም። ስለዚህ «ዎር ኢን ዘ ኢስት» የሚሰጠው ግራ መጋባት ለእውነታ የቀረበ ነው የሚል ሊኖር ይችላል።

ክርክሩ ብርቱ ቢሆንም ሁለት ዓይነት አለማወቅን ያምታታል። እውነተኛው አዛዥ የማያውቀው የጠላትን ሁኔታ፣ የአየሩን ጠባይና የነገውን ዕድል ነው። ወንዝ መሻገር እንደሚያዳክምና ሐዲድ ሲቆረጥ ጥይት እንደሚያልቅ ግን ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሠለጠነው ለዚያ ነው። ራይስቪትስ ይህን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ዳኛው የጠላትን ጦር ይደብቃል፣ የዓለሙን ሥርዓት ግን አይደብቅም። ሥርዓቱን የደበቀ ጨዋታ የጦርነትን ጭጋግ አላሳየም፤ የፕሮግራሙን ውስጥ ሸፈነ እንጂ።

የስዊድኑ ፓራዶክስ «ሃርትስ ኦፍ አየርን 4» ባለፈበት ለውጥ ይህ ልዩነት በተግባር ይታያል። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ስንቅ በየአካባቢው የተደለደለ ረቂቅ ቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ከወጣው «ኖ ስቴፕ ባክ» ጋር በሐዲዶችና በስንቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ተተካ። በሕግ ብዛት ቢቆጠር ጨዋታው ከበደ። ነገር ግን ሐዲዱ በካርታው ላይ ይታያል፤ ጣቢያው ይያዛል፣ ይጠፋል። ጦሩ የተራበበትን ምክንያት ቁጥር ውስጥ ፈልጎ ያጣ የነበረ ተጫዋች አሁን በጣቱ ሊያመለክተው ይችላል።

ዝርዝርን ለዝርዝርነቱ የሚወዱ ተጫዋቾች መኖራቸውም መካድ የለበትም። በናፖሊዮን አንጋፋ ዘብ ስም «ግሮኛር»፣ አጉረምራሚዎች፣ የሚባሉት እነዚህ ሰዎች የክፍለ ጦሩን መዝገብ እንደ ቤተ መዛግብት ሰነድ ያነቡታል፤ ለነርሱ «ዎር ኢን ዘ ኢስት» ጨዋታም የታሪክ መጽሐፍም ነው። ይህ ደስታ ሕጋዊ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ጨዋታው ለትምህርት ሲውል ነው። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የጦርነት ጥናት መምህር የነበሩት ፊሊፕ ሳቢን የማስተርስ ተማሪዎቻቸውን በወረቀት የሚሠራ ቀላል የጦርነት ጨዋታ ራሳቸው እንዲነድፉ ያደርጉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት «ሲሙሌቲንግ ዎር» በተሰኘው መጽሐፋቸውም ይህን አካሄድ አብራርተዋል። ሕጉን ያወጣ ተማሪ ሕጉ ስለ ጦርነት ምን እንደሚል መመለስ አለበት፤ ተሳስቶም ከሆነ ስሕተቱ በገጽ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ዎር ኢን ዘ ኢስት 2» የአየር ኃይሉን ሥራ ለኮምፒውተሩ ረዳት ለማስተላለፍ ይፈቅዳል። በበርግ ገበታ ዙሪያ የነበረው የአየር ኃይል ኃላፊ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ የውሳኔው ሸክም በዚህ ልክ ይቀላል። ይሁንና ያ ኃላፊ አውሮፕላኖቹን ለምን ወደዚያ እንደላከ ሲጠየቅ ይመልስ ነበር፤ አዲሱ ረዳት የሚያቀርበው ስንት አውሮፕላን እንደወጣና ስንት እንዳልተመለሰ የሚዘረዝር ዘገባ ነው።