ዕጢን የሚያሳዩ፣ ጨረርንም የሚያበረቱ ደቃቅ ቅንጣቶች

በጨረር የሚያክሙ የካንሰር ሐኪሞችን ዘወትር የሚፈትን አንድ ጥያቄ አለ፤ ዕጢውን እያጠፉ በዙሪያው ያለውን ጤናማ አካል እንዴት ማትረፍ ይቻላል? ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ዕጢው በአንጎል ውስጥ ሲሆን ነው። በዚያ ስፍራ ዒላማውን የሳተ ጨረር የታካሚውን ትውስታ፣ ንግግር ወይም እንቅስቃሴ ሊጎዳ ይችላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ለመሻት ከተፈጠሩት መካከል በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የበለጸገው «አጉይክስ» የተሰኘ ናኖ ቅንጣት ይገኝበታል። ቅንጣቱ ሁለት ተግባራትን በአንድነት ያከናውናል፤ ዕጢውን በኤምአርአይ ምስል ላይ አጉልቶ ያሳያል፤ የጨረሩንም ኃይል በዕጢው ውስጥ ያበረታል። ምርመራንና ሕክምናን ያጣመረው ይህ ዘርፍ «ቴራኖስቲክስ» ይባላል።

አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የአጉይክስ መጠን ግን 5 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። ቅንጣቱ እንዲህ ያነሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕጢ በጥድፊያ የሚያበቅላቸው የደም ሥሮች ግድግዳቸው ክፍተት ስለሚበዛበት ቅንጣቶቹ በዚያ ሾልከው ይገባሉ። በደም ውስጥ የቀሩት ደግሞ በኩላሊት ተጣርተው በሽንት ይወገዳሉ።

የሥራው ቁልፍ ጋዶሊኒየም የተባለው ብረት ነው። ይህ ብረት በኤምአርአይ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በአቅራቢያው ያሉ የውኃ ሞለኪውሎችን ባሕርይ ስለሚለውጥ ዕጢው ደምቆ ይታያል። አቶሚክ ቁጥሩ 64 የሆነ ከባድ ንጥረ ነገር በመሆኑም፣ ኤክስሬይን ከሰውነት ሕብረ ሕዋስ ይልቅ አብዝቶ ይውጣል፤ ወዲያውም ኤሌክትሮኖችን ይረጫል። ኤሌክትሮኖቹ እጅግ አጭር ርቀት ብቻ ስለሚጓዙ ተጨማሪው ጉዳት ቅንጣቱ ባለበት ስፍራ ይወሰናል።

ይህ ሐሳብ «ናኖ-ራድ» በተባለው የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት በሰው ላይ ተፈትኗል። በግሬኖብል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በተካሄደው ጥናት፣ ካንሰሩ ወደ አንጎላቸው የተሰራጨባቸው 15 ታካሚዎች ቅንጣቱን በደም ሥር ከወሰዱ በኋላ በ10 ዙር በድምሩ 30 ግሬይ ጨረር ተሰጥቷቸዋል። ቅንጣቶቹ በዕጢዎቹ ውስጥ መከማቸታቸው በምስል ታይቷል፤ መጠኑ በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት እስከ 100 ሚሊ ግራም ሲደርስም ሕክምናውን የሚያስቆም መርዛማነት አልታየም።

ሆኖም የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ዋነኛ ዓላማ ደኅንነትን መፈተሽ ነው። በጥናቱ ጨረር ብቻ የወሰዱ የንጽጽር ታካሚዎች ስላልነበሩ፣ ለታየው መሻሻል ቅንጣቱ ምን ያህል እንዳገዘ ከእርሱ ብቻ መለየት አይቻልም። ይህን ሊመልስ የሚችለው ሁለት ቡድኖችን ጎን ለጎን የሚያነጻጽር ሰፊ ጥናት ነው።

የደኅንነት ጥያቄም ችላ አይባልም። ነጻ ጋዶሊኒየም መርዛማ በመሆኑ፣ ሌሎች ሞለኪውሎች አጥብቀው እንዲይዙት ተደርጎ ይዘጋጃል። ኩላሊት ሲዳከም ግን ከሰውነት የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በተለመደው የኤምአርአይ ምርመራም ቢሆን፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ጋዶሊኒየም ያለበት ማጉያ ከመወጋቱ በፊት ሁኔታውን ለሐኪሙ ማሳወቅ ይኖርበታል።