«ጡንቻ እንዝርት»፦ ስለ አንድ የአካል ሳይንስ ስያሜ

በወልድያ ወይም በመርሳ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርግ የሕመምተኛው እግር ሳያስበው ይወነጨፋል። ባለሙያው ከፍተኛ ትምህርቱን የተከታተለው በእንግሊዝኛ ሲሆን ምክንያቱን ለሀብሩ ገበሬ የሚያስረዳው ግን በአማርኛ ነው። ስለዚህ የተርጓሚው የቃል ምርጫ እዚህ ላይ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በጡንቻ ክሮች መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ፣ በስስ ሽፋን የተጠቀለሉ አካላት ይገኛሉ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኪውኔ እ.ኤ.አ. በ1863 ወገባቸው ወፈር፣ ጫፎቻቸው ቀጠን ማለቱን ተመልክቶ በእንዝርት ስም ጠራቸው። ቻርልስ ሸሪንግተን በ1894 የስሜት ነርቭ እንዳላቸው አረጋገጠ። የአገራችን እንዝርት ባዶውን ሲታይ ቀጭን ዘንግ ስለሆነ መመሳሰሉ የሚታየው ፈትል ሲጠቀለልበት ነው። ስያሜው የተወሰደው ከቅርጹ እንጂ ከሥራው አይደለም፤ የጡንቻው እንዝርት አይሾርም። በሕዋስ ክፍፍል ጊዜ የሚታየውም አካል በእንዝርት ስም ስለሚጠራ፣ በመዝገበ ቃላት «ጡንቻ እንዝርት» ተብሎ በሙሉ ሊጻፍ ይገባል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሸክም ይዞ ከሀብሩ ተራራ ወደ መርሳ ሜዳ የሚወርድ ሰው ጉልበቱ በታጠፈ ቁጥር የፊት ጭኑ ጡንቻ ይለጠጣል። እንዝርቱም ከጡንቻው ክሮች ጎን ለጎን ስለተቀመጠ አብሮ ይለጠጣል። በወገቡ ላይ የተጠመጠመው ቀዳማይ የነርቭ ጫፍ፣ መለጠጡ በፈጠነ መጠን መልእክቱን ያዘወትራል፤ ጡንቻው በአዲሱ ርዝመት ሲረጋ መልእክቱን ይቀንሳል፤ ሲያጥር ዝም ይላል። ካልኣይ ጫፍ በይበልጥ የሚገልጸው ርዝመትን ነው። መዶሻው ጡንቻውን በጥቂቱ፣ ግን በፍጥነት ስለሚለጥጠው የቀዳማይ ጫፎች መልእክት ወደ ሕብለ ሰረሰር ደርሶ ያው ጡንቻ እንዲኮማተር ያደርጋል።

ችግሩ የሚነሣው ይህ አካል «የውጥረት ተቀባይ» ሲባል ነው። «ወጠረ» የሚለው ግሥ በተለምዶ ስቦ መዘርጋትንም፣ ማክረርንም ያጠቃልላል፤ በአካል ሳይንስ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። በጡንቻውና በጅማቱ መጋጠሚያ የሚገኝ፣ በጎልጂ ስም የሚጠራ ሌላ ተቀባይ አለ፤ ኃይሉ በእርሱ በኩል ስለሚያልፍ የሚለካው ውጥረትን ነው። ብራያን ማቲውስ በ1933 በድመት ጡንቻ ላይ ባደረገው ጥናት ሁለቱን ለይቶ አሳይቷል፦ ጡንቻው በራሱ ኃይል ሲኮማተር እንዝርቱ ዝም ሲል የጅማቱ ተቀባይ መልእክቱን ያበዛል። በሕያው እንቅስቃሴ የእንዝርቱ ዝምታ ሙሉ አይሆንም፤ የሥራቸው ውጤት በ1945 በላርሽ ሌክሰል የተገለጸ ጋማ ነርቮች የእንዝርቱን ጫፎች እያኮማተሩ ንቁ ያደርጉታልና። ይህም ሆኖ ሁለቱን አካላት በአንድ ስም የሚጠራ ትርጉም አንባቢውን ወደ ተቃራኒው መደምደሚያ ይመራዋል።

ስለዚህ ለርዝመት ለውጥ «መለጠጥ»፣ ለኃይል «ውጥረት» ቢመደብ፣ አካላቱም «ጡንቻ እንዝርት» እና «የጅማት ውጥረት ተቀባይ» ቢባሉ ይመረጣል። «ጅማት» በተለምዶ ጡንቻን ከአጥንት፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውን፣ አንዳንዴም ነርቭን ስለሚያመለክት፣ በዚህ ሙያ ለመጀመሪያው ብቻ ቢወሰንና «ነርቭ» በነበረበት ቢቀመጥ ስያሜዎቹ ሳይጋጩ ይጸናሉ።